«የበረት ደብዳቤ» የታገደበት ክረምት

ሚያዝያ 21፣ ቢቸና

ዛሬ «የበረት ደብዳቤ» ወጣ። እንዲህ ለብዙ ሰው ልኬ አላውቅም። ሽታሁን ከሞጣ ደውሎ «ዶክተር፣ ከእጥፍ በላይ ሆነናል!» ሲለኝ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

የወረዳ የእንስሳት ሐኪምነቴን ለቅቄ ይህችን የከብት መድኃኒት ቤት ስከፍት ያላሾፈብኝ የለም። በየማክሰኞው ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በኢሜይል ደብዳቤ እጽፋለሁ ስል ደግሞ ጭራሽ ሳቁ። «ለበሬው ነው ለሐኪሙ?» አለኝ አንዱ። ይሳቁ። አባቴ ሁለቱን የእርሻ በሮቹን በአንድ ሳምንት ሲያጣ በሽታው ጎረቤት ቀበሌ ከገባ ሰንብቶ ነበር። የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ደብዳቤውን የምጽፈው ለዚያ ነው፦ የትኛው በሽታ የት ታየ፣ የትኛው መድኃኒት አልሠራ አለ፣ ማን ምን ሞክሮ ተሳካለት። አስመጪዎች ማስታወቂያ ስለሚያወጡበት ወጪውን ይችላል። አንባቢ ሲበዛ ማስታወቂያውም ይበዛል።

ሽታሁን የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ሞጣ በአንድ ማኅበር ውስጥ ይሠራል፣ የኮምፒዩተሩን ነገር እሱ ነው የሚይዝልኝ። አዲሶቹን አድራሻዎች ያገኘው ከሥልጠና ወረቀት ነው። ሥልጠና ላይ ሰው ሁሉ ለቀን አበሉ ሲል ስሙን፣ ስልኩን፣ ኢሜይሉን ጽፎ ይፈርማል። እሱ ወረቀቶቹን ከየአዘጋጁ ለምኖ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ አንድ በአንድ ገለበጣቸው። «ሰዎቹን ጠየቅሃቸው?» አልሁት። «ፈርመዋል እኮ!» አለኝ።

እውነቱን ነው። ፈርመዋል።

ግንቦት 5

አምባቸው መልስ ጻፈ። ከየጁቤ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ባለው ቀበሌ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነው። ታላቅ ወንድሜ አካለ ወልድ የሚያርሰው እዚያው ስለሆነ ከብቶቹን የሚያይለት እሱ ነው። እኔና እሱም በክትባት ዘመቻ ስንት ቀን አብረን ውለናል፣ ከአንድ አገልግል በልተናል። እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ ደብዳቤሽ ይቅርብን። ለእኔ ብቻ አይደለም የምልሽ፤ ሰው ቤት እየገባሽ ነው።»

ይኸው ነው። እንደምን ሰነበትሽ የለ፣ ምን የለ። ሰው ቤት እየገባሽ! የማን ቤት ገባሁ? ደብዳቤ እኮ ነው የላክሁት፣ ፍየል አይደለም።

ስሙን ፈልጌ ከዝርዝሩ ፋቅሁት። ደህና ሁን!

ግንቦት 7

አልበረደልኝም። ሳይጠይቁኝ ስንት ነገር ነግሬአቸዋለሁ። በነጻ! ባሌ ሐብታሙ «አንድ ሰው አልፈልግም ቢል ምን አለበት?» ይላል። እሱ አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹ በግድ ነው የሚሰሙት፣ ምን ያውቃል።

ግንቦት 12

አምባቸው ደግሞ ጻፈ፤ «አሁንም ይመጣል» ብሎ። ውሸት ነው። ለእሱ አይሄድም፣ ራሴ አይቻለሁ። ይህን የሚያህል ሰው ሲዋሽ አያፍርም?

አልመለስሁለትም።

ግንቦት 14፣ ሞጣ

ደብዳቤውን ከሚያሰራጭልን ድርጅት ማስጠንቀቂያ ስለመጣ ከሽታሁን ጋር ለመማከር ሞጣ መጣሁ። «ብዙ ተቀባዮች ደብዳቤዎን ስፓም እያሉ ስለሆነ ካልታረመ አገልግሎቱን እንዘጋለን» ነው የሚለው።

ከመናኸሪያው አጠገብ ምሳ ስበላ ከጀርባዬ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠዋል። ከሚያወሩት ባለሙያዎች መሆናቸውን አወቅሁ፤ ስለ በግ ፈንጣጣ ነበር የሚነጋገሩት። ከዚያ አንዱ ስልኩን አየና «ያቺ የቢቸናዋ ሴትዮ ናት ደግሞ» አለ። ሌላው «እኔ እኮ ስፓም አድርጌያታለሁ። አምባቸው ነው ያሳየኝ፣ እዚች ጋ መጫን ብቻ ነው» አለው። ሳቁ። ሽሮዬን ገፋ አደረግሁት። ዘወር ብዬ «እኔ ነኝ!» ልላቸው ፈለግሁ፤ ከዚያ ምን ልል እንደምችል ስላላወቅሁ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።

ስፓም አድርጌያታለሁ! ስልጡን ስድብ።

ሽታሁን ነገሩን አስረዳኝ። አንድ ሰው ያችን ቁልፍ ሲጫን ይቆጠራል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደብዳቤው የማይፈልገው ሰው ዘንድ ብቻ ሳይሆን የሚፈልገውም ዘንድ ከቆሻሻው ጋር ይወድቃል። ማለት አምባቸው እየዞረ መጫን ሲያስተምር የሚዘጋው የእሱን በር አይደለም፣ የሁሉንም ነው።

«የማይፈልግ ሰው የሚወጣበት የለውም እንዴ?» አልሁት።

«አለው እንጂ፣ ከታች።» አሳየኝ። በእንግሊዝኛ፣ በደብዛዛ ቀለም፣ ከጉንዳን እግር የቀጠነ ጽሑፍ። መነጽሬን አድርጌ ነው ያነበብሁት።

«ትንሽ ጎላ ብናደርገውስ?»

«የበረት በር ሰፋ አድርጎ ከፍቶ የሚያድር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሳቅሁ። ትክክል ነው፣ ማንም አያደርገውም።

ግንቦት 24

የሽታሁን አዲስ ሐሳብ። ኢንተርኔት ላይ ኮርስ ወስዷል። ደብዳቤያችንን ለሳምንታት ከፍተው ያላዩ ሰዎችን ለይቶ በየስማቸው «ናፈቅኸን» የሚል መልእክት መላክ ነው። የፈረንጅ ሱቅ ሁሉ እንዲህ ነው አሉ የሚያደርገው። ከከፈቱት ይቆጠርልናል፣ ድርጅቱም ሰው ይፈልጋቸዋል ብሎ ይተወናል። እኔ እንድጽፈው ለመነኝ፤ «አንቺ ስትጽፊ አንጀት ይበላል» አለኝ።

ግንቦት 26

ጻፍሁት፣ ተላከ። እዚህ ልገልብጠው፣ ደስ ብሎኛልና፦

«ወንድማችን ሆይ፣ ለምን ጠፋህብን? በየማክሰኞው በሩን እያየን እንጠብቅሃለን። የበደልንህ ካለ ይቅር በለን። አልረሳንህም። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንና ወደ በረትህ ተመለስ።»

ከላይ የእያንዳንዱ ስም ይገባበታል። ሐብታሙ ሳነብለት «የለቅሶ ነገር አስመሰልሽው» አለኝ። ቅኔ አይገባውም።

ግንቦት 29

አምባቸው ደወለ። ሁልጊዜ «አንቺ» ነበር የሚለኝ፤ ዛሬ «ዶክተር፣ እርስዎ ሰው አይደሉም» ብሎ ጀመረ። ከኋላው የሰው ድምፅ፣ የሚያለቅስ ሰው ይሰማል። የቀረውን አልሰማሁም፣ ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ። ደግሞ ዘጋሁ። ሦስተኛ ሲደውል ቁጥሩን አገድሁት። ስልኬ «ከዚህ ቁጥር ጥሪም መልእክትም አይደርስዎትም» አለኝ። እሰየው!

እኔ ሰው አይደለሁም። ሰው ያልሆነው እንደ ሌባ እየዞረ ሥራዬን የሚያስዘጋው ነው።

ሰኔ 1

ሽማግሌ ላኩብኝ። ለጠብ አይደለም፣ ለድንበር አይደለም፣ ለኢሜይል! ብናገረው የሚያምነኝ የለም። ሦስት ሰዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከቆላው ድረስ። አንዱ መርጌታ ገብረ ማርያም ናቸው፤ አካለ ወልድን ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸውና ተነሥቼ ጉልበት ስሜ ተቀበልኋቸው። ጠላ ቀዳሁ።

ታዲያ ነገሩን ለማን ይጀምሩታል? ለሐብታሙ!

«ልጃችን ሐብታሙ፣ ቤትህ የተባረከ ይሁን። ባለቤትህ የተማረች ናት፣ እንኮራባታለን። ነገር ግን ከቤትህ የሚወጣ ደብዳቤ ቤት አውኳል። ሐዘን የደረቀበትን ቤት...»

«መርጌታ» አልሁ፣ «ደብዳቤው የእኔ ነው። እኔም እዚህ ቆሜያለሁ።»

«እሱስ ልክ ነሽ ልጄ፣ እሱስ ልክ ነሽ» አሉና ፊታቸውን ወደ ሐብታሙ መለሱ። «እንግዲህ ልጃችን፣ ነገር በምሳሌ ነውና...»

ምሳሌውን አልጠበቅሁም። ነጠላዬን አንሥቼ ወደ ሱቅ ወጣሁ። በእሑድ ቀን ሱቅ ከፍቼ የብልቃጥ አቧራ ስጠርግ ዋልሁ።

ስመለስ ሄደዋል። ሐብታሙ «ቆይ፣ ሳትሰሚው የወጣሽው ነገር አለ» አለኝ። የእነሱን ወሬ አታምጣብኝ አልሁት። «ባንቺዓለም፣ ይህ እኮ...» አትንገረኝ አልሁ! እንግዶቹ ፊት ዝም፣ አሁንም ዝም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይህ ነው።

ሰኔ 3

በዛሬው ደብዳቤ መግቢያ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረግሁ፦ «ዕውቀት አይምጣብኝ ብሎ ሽማግሌ የሚልክ ባለሙያ በዚህ ዘመን አለ ብንላችሁ ታምናላችሁ?» ስም አልጠራሁም። የሚያውቅ ያውቀዋል። ሽታሁን በሳቅ የሚንከባለል ምስል ላከልኝ።

ሰኔ 6

የተረገመ ቀን። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ፍሪጁ ውስጥ ያለው የአባ ሰንጋ ክትባት እንዳይበላሽብኝ በረዶ ፍለጋ ከተማውን ዞርሁ። ይህን ሁሉ ክትባት ይዤ የሚጠይቀኝ ጠፋ! ዘመቻ ሲሆን ክትባት የለም ብለው ያለቅሳሉ፤ ሲኖር ደግሞ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ከማላውቀው ቁጥር ተደጋግሞ ተደወለ። ሰውየው በሌላ ሰው ስልክ መጣብኝ ብዬ አላነሣሁም።

ገበያተኛው ሱቁን ሞልቶት ሳለ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ገብታ ጥግ ይዛ ቆመች። አጠገቧ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ አለች። ሁሉም አልፈዋት ሲገዙ እሷ አትገፋም፣ አትናገርም። ስልክ በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች።

«ምን ልስጥሽ እቴ?» አልኋት።

«ደብዳቤ የምትልኪው አንቺ ነሽ?»

«ለመመዝገብ ከሆነ ሰው ሲቀንስ ተመለሺ፤ አሁን እንደምታዪው ነው።»

ልጅቱ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ትኩር ብላ አየችኝ። ሴትዮዋ እጇን ይዛ ወጣች። አልተመለሰችም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፊቷ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ይኸው ልማዴ ነው፣ ሥራ ሲበዛብኝ ሰው አመናጭቃለሁ። የባሰም ቀን አለ።

ሰኔ 10

አባ ሰንጋ! ሽታሁን ነው የደወለው፤ ከሞጣ ወጣ ብሎ ከብት በድንገት እየወደቀ ነው፣ በአፍንጫው ደም ይወጣል፣ ደሙም አይረጋም። ሌላ ምን ሊሆን ነው።

ወዲያው ጻፍሁ። የሞተውን ከብት ማንም እንዳይከፍተው፣ ሥጋው እንዳይበላ፣ በጥልቅ እንዲቀበር፣ ያልታመመው ሳይዘገይ እንዲከተብ። እኔ ዘንድ ክትባት እንዳለም ጻፍሁ። «አስቸኳይ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርሁት፣ ለዚህች ቀን ነው! አሁን ማን ስፓም እንደሚል እናያለን።

አካለ ወልድ ጋ ደወልሁ፣ ስልኩ ዝግ ነው። ቻርጅ ለማድረግ የሚወጣው በገበያ ቀን ነው። አምባቸው ጋ ልደውል ብዬ ስልኩን አንሥቼ ነበር። ተውሁት። ከዝርዝሩ አውጪኝ ያለው ራሱ ነው፣ ሽማግሌም ልኳል። ለዚህ ለዚህማ ባለሙያ ነኝ ይል የለ? ራሱ ይወቀው።

ደግሞ ከብት ማየት ሥራው ነው፣ የወንድሜን በሮች ዝም ብሎ አያይም።

ሰኔ 11

የከፈተው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ግራ ገብቶኝ የራሴን ኢሜይል ፈተሽሁ፤ ለራሴም ሁልጊዜ አንድ ቅጂ ይመጣልኛልና። የለም። ፈልጌ ፈልጌ ስፓም ውስጥ አገኘሁት፤ የውጭ አገር ሎተሪ ደርሶሻል ከሚለውና ከፀጉር ማሳደጊያው መካከል። የእኔ ደብዳቤ፣ ከእኔ የተላከ፣ ለእኔ።

ከሰዓት በኋላ ድርጅቱ ዘጋን። ሁለት መስመር ነው የጻፉት። «ናፈቅኸን» ያልነው መልእክት ላይ የመጣው አቤቱታ ከመጠን አልፏል ይላሉ። ሽታሁን «በሌላ ስም እንከፍታለን» ይለኛል። ምን ዓይነት ሰው ነው! በሌላ ስም ተከፍቶ እስኪያድግ በሽታው ይጠብቃል?

ይህን ሁሉ አንባቢ ይዤ የምነግረው ሰው አጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ።

ሰኔ 13

በስልክ መደወል ጀምሬያለሁ፤ አንድ በአንድ፣ የማውቃቸውን። ደጀንም፣ ሉማሜም፣ አምበርም። ግማሾቹ ድምፄን ሲሰሙ «ስለ ደብዳቤው ከሆነ...» ይላሉ። አይደለም! ስለ ከብት ነው! ድምፄ ተዘጋ።

አካለ ወልድ አሁንም ዝግ ነው። ወደዚያ የሚሄድ መኪና ጠየቅሁ፣ መንገዱ ሰላም አይደለም አሉኝ።

ሰኔ 18

አካለ ወልድ በሰው ስልክ ደወለ። ቦራ ሞተ። ቦራ የቀኙ በሬ ነው፣ ወይፈን ሳለ ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ እየዳበስሁ ያሳደግሁት። ሊወድቅ ሲል ሥጋው ይትረፍ ብለው አርደውት ነበር፣ አምባቸው ደርሶ አስጣላቸው። «ቀደም ብሎ ቢከተብ ይተርፍ ነበር አሉኝ» አለ ወንድሜ። «ሰማሁ፣ ሰማሁ» አልሁት።

አሁን የጤፍ እርሻው ደርሷል። በአንድ በሬ ምን ይደረጋል?

ነገ መንገዱ ቢከፈትም ባይከፈትም እሄዳለሁ። ክትባቱን በበረዶ ይዤ።

ሰኔ 20፣ ከአካለ ወልድ ቤት

መብራት ስለሌለ በስልኬ ብርሃን ነው የምጽፈው። ሁሉም ተኝቷል። አልተኛሁም።

ስደርስ ቦራን ቀብረውታል፤ ጉድጓዱን አምባቸው ነው ያስቆፈረው፣ ላዩን እሾህ ከምሮበታል። ወንድሜ የቀኝ እጁ ላይ ቁስል ወጥቶበታል። አየሁት። ካረዱት ሁለቱ አንዱ እሱ ነው። ጤና ጣቢያ ወስዶ መድኃኒት ያስጀመረውም አምባቸው ነው። ወንድሜ እጁን ከእኔ ሊደብቅ ይሞክራል፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

አምባቸው በረቱ ውስጥ ነበር። ፊቱ ከስቷል። ሰላምታ ሳልሰጠው «በቀበሌህ በሽታ ሲገባ ለሰው አይነገርም?» አልሁት። ጎረቤት ሁሉ ቆሟል። «ደወልሁልሽ፣ ጻፍሁልሽ» አለኝ።

«አልደረሰኝም። ውሸትህን ነው!»

ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝና ወደ ላሞቹ ዞረ። የላካቸው ሁሉ እዚያ አሉ። የእኔን ስልክ አወጣሁ፣ የለም፤ እዩት፣ የለም፣ አልሁ። አጠገቤ የቆመው የጎረቤት ጎረምሳ «እትዬ፣ እስቲ ያገድሽውን ክፈቺ» አለኝና ቦታውን አሳየኝ። ከመልእክቶቹ በታች አንድ ክፍል አለ። «ስፓም እና የታገዱ» ይላል። በአማርኛ ነው የሚለው፣ በጉልህ።

የሰኔ 4 እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር ባንቺዓለም፣ ስልክ ስላላነሣሽልኝ ነው። የእኛን ነገር ለጊዜው እንተወው። በታችኛው ጎጥ ሁለት ከብት በድንገት ወድቋል፣ አባ ሰንጋ ይመስለኛል። ክትባት አልቆብኛል፣ የጠየቅሁት በመንገድ ምክንያት አልመጣም። አንቺ ዘንድ አለ አሉኝ። ሰው ልልክ ነው፣ ስጪልኝ። መጀመሪያ የአካለ ወልድን በሮች እከትባለሁ።»

የሰኔ 7፦

«የላክሁት ሰው ሱቅሽን ዝግ አገኘው፣ በረዶ ፍለጋ ሄዳለች አሉት። በሌላ ስልክም ደወልሁ። ክትባቱ ቢቀር እንኳ በደብዳቤሽ ጻፊው። እኛ ብንናገር ማን ይሰማናል፣ ያንቺን ያነብቡታል።»

ያንቺን ያነብቡታል ይላል። ከዚያ መግቢያ በኋላ፣ ሽማግሌ የሚልክ ባለሙያ ብዬ ከሳቅሁበት በኋላ።

ክትባቱን አወጣሁና መርፌ ጠየቅሁት። ሰጠኝ። እስኪመሽ ሳንነጋገር የጎጡን ከብት ከተብን፤ እሱ ይይዛል፣ እኔ እወጋለሁ። ወንድሜ በአጥሩ ላይ ሆኖ ሲያየን ቆይቶ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ፤ በቀስታ ነው የተናገረው፣ እንድሰማው አልነበረም።

እጃችንን ስንታጠብ አምባቸውን «ቆይ፣ ያኔ ሰው ቤት እየገባሽ ነው ያልኸኝ የማንን ቤት ነው?» አልሁት። ገርሞት አየኝ። «ሽማግሌዎቹ አልነገሩሽም?»

ወጥቼ ነበር አልሁት።

ወልደ ኪዳንን ነው የሚለው። ከእሱ ጋር የሚሠራ የነበረ፣ ሥልጠናው ላይ ከአጠገቡ ተቀምጦ የፈረመ። ከፈረመ በኋላ ብዙም አልቆየ፣ ሞተ። ሚስቱ ደስታነሽ ስልኩን ይዛዋለች፣ ፎቶው አለበትና። በየማክሰኞው ይጮኻል፤ አምባቸው «አሁንም ይመጣል» ያለው ይህንን ነበር። እሷ ማንበብ አትችልም፣ ልጃቸው ናት ብቅ የሚለውን ርእስ የምታነብላት። «ናፈቅኸን» ያልነው ግንቦት 26 ሲደርስ ለማንም ሳይነግሩ ቻሉት። ከዚያ ግንቦት 29 በሙት ዓመቱ ድንኳን ውስጥ የልጅቱ አክስት «የአባትሽ ስልክ ላይ ምን መጣ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱም ካህናቱ ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከፍ አድርጋ አነበበችው። ወልደ ኪዳን ሆይ፣ ለምን ጠፋህብን?

የዚያን ቀን ነው የደወለው። የሚያለቅስ ሰው ሰምቼ ነበር።

ጥቁር የለበሰችው ሴት።

ሰኔ 22

ደስታነሽ ቤት ሄድሁ። ሐብታሙ መጥቶ አብሮኝ ገባ፣ ሳልጠራው ነው የመጣው። «ልነግርሽ የነበረው ይህን ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፣ እጮኽበት ነበር።

ምን እንደምል አዘጋጅቼ ነበር፣ አንዱም አልወጣልኝ። እንደ ለቅሶ ደራሽ ተቀመጥሁ። ደስታነሽ አልተቆጣችም። «አንቺም አላወቅሽ» አለች። ቢቸና ድረስ የመጣችው ልትጣላኝ አልነበረም፤ ደብዳቤው ሲመጣ ልጅቱ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣለች፣ አባቴ ጻፈ ወይ ትላለች፣ እባክሽ አስቁሚልን ልትለኝ ነበር።

ልጅቱ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «እናንተም ናፍቋችሁ ነው አይደል?» አለችኝ።

እንባዬ መጣ። አዎ አልኋት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰኔ 25፣ ቢቸና

ሽታሁን ደወለ። በሌላ ስም ከፍቷል፣ አድራሻዎቹም በሙሉ አሉት፣ ከማክሰኞ ጀምሮ እንልካለን ይላል። አንድም ሰው አትልክም አልሁት። «ለምን? ፈርመዋል እኮ!» አለኝ።

ጮኽሁበት። ሱቅ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮኽሁበት። ያልሁት ሁሉ ትክክል ነበር፤ አንዱንም ግን ሚያዝያ ላይ አላልሁትም። እሱም ይህንኑ ነገረኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ መልሼ ደወልሁለት።

የሥልጠናውን አድራሻ በሙሉ አብረን አጠፋን።

ሐምሌ 1

የአካለ ወልድ እጅ እየዳነ ነው። ለእርሻው ጎረቤት በሬ አውሶት አቀናጅቷል። ሌላ ከብት አልወደቀም።

ማክሰኞ ነው፣ ደብዳቤ የለም። ከጠዋት ጀምሮ እየደወልሁ ሰው እጠይቃለሁ፤ ልላክልህ ወይስ አልላክ እያልሁ። የሚስቅብኝ አለ፣ የሚቆጣኝ አለ፣ አንዳንዱ አዎ ይላል። አንዱ «ስለጠየቅሽኝ ብቻ ላኪልኝ» አለኝ። ተናደድሁ፣ አመሰገንሁት።

አምባቸውን ወደ ማታ አቆየሁት። እገዳውን ካነሣሁለት ወዲህ የመጀመሪያ መደወሌ ነው። እሱ ግን ወዲያው አነሣ።

«አዲስ ደብዳቤ ልጀምር ነው» አልሁት። «ፈቃድህን ልጠይቅ ብዬ ነው። ስምህን ላስገባው?»

ከኋላው ዝናብ ይሰማል።

«ደብዳቤውን አልፈልግም፣ ዶክተር» አለኝ። «ስደውልልሽ አንሺ።»